ለማህደር ከባዱ ይሻላል ወይስ ቀላሉ

ወረታ፣ ጥር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለገበያው፣ ካለህበት ሻርጃ

እንደምን ከርመሃል? እኔ ከጉልበቴ ሕመም በቀር ደህና ነኝ፤ ጥምቀትን በሰላም ያሳለፈን አምላክ ይመስገን። አንተንም በሰው አገር ከክፉ ይሰውርህ፣ የአሠሪዎችህን ልብ ያራራልህ።

ይህች ሴትዮ ደግሞ ማን ናት እንዳትል፣ አምሳል ነኝ፤ መንታ መንገዱ አጠገብ ሩዝ የምትነግደው። የእናትህ የባየች እናትና የኔ እናት የአክስትና የአጎት ልጆች ናቸው። ዝምድናው ቀጥኗል ትል ይሆናል፤ ስትወለድ ግን ገንፎህን የበላሁ ሰው ነኝና ልጄ ብልህ አይከፋህ።

ስልክ እያለ ምን ደብዳቤ አስጻፈሽ ብትለኝ ምክንያት አለኝ። ስልኬን የምትከፍትልኝም የምትዘጋልኝም ልጄ ማህደር ናት፤ የስልኩ ፊደል ለዓይኔ ስለሚደቅብኝ የመጣውን መልእክት ሁሉ የምታነብልኝ እሷ ናት። የምነግርህ ደግሞ እሷ እንድትሰማው የማልፈልገው ነገር ነው። ስለዚህ ዱባይ እየተመላለሰ ልብስ የሚያመጣው አበረ በእጁ ያድርስልኝ ብዬ ነው። መልሱንም በሱ በኩል አድርገው፤ መጋዘን መጥቶ ለኔ ብቻ ይሰጠኛል።

ማህደርን አንተ ስትሄድ የምታውቃት ገና ትንሽ ሆና ነው። አሁን ሃያ ዓመት ሞላት። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ሁለቴ ተቀምጣ አላለፈችም። ከክፍሏ ያለፉት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው ብዬ ላጽናናት ብሞክር ጆሮዋን አትሰጠኝም። ቀን ቀን ከኔ ጋር መጋዘን ትውላለች፤ ጆንያ ትሰፋለች፣ ሚዛን ትይዛለች። አመሻሹ ላይ ነጠላዋን ጣል አድርጋ ንብረት የሚባለው ሰው በደብረ ታቦር መንገድ ወደከፈተው ጌም ቤት ትሄዳለች። ሴት ልጅ ከጎረምሳ ጋር ተጋፍታ ጌም ስትጫወት ሰው ምን እንደሚል ታውቀዋለህ። እኔ ነጋዴ ነኝ፣ የሰው አፍ ለምጃለሁ።

የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነው። ባሕር ዳር ፓስፖርት ለማውጣት ተሰልፋ ያያት ሰው ነገረኝ። ለኔ ጓደኛዬ ታማብኝ ልጠይቃት ነው ብላኝ ነበር የሄደችው። ጓደኛዋ ሠርካለም ዓረብ አገር ከሄደች ወዲህ ልቧ እዚህ የለም። አባቷ ካረፈ ጀምሮ ሁለታችን ብቻ ነን። እውነቱን ልንገርህ፣ እሷ ሄዳ ያንን ቤት ብቻዬን ስከፍት ይታየኛል፤ እፈራለሁ።

ባለፈው ሩዝ ስናበጥር፣ «ቤት ውስጥ ጌም የሚያጫውት ላፕቶፕ ቢኖረኝ የት እሄዳለሁ» ብላ ሳቀች። እሷ የቀለደች መስሏታል፣ እኔ ግን ቃሏን ያዝኩት። አንተ ላፕቶፕ የሚሸጥበት ቤት እንደምትሠራ ባየች ነግራኛለች። በልክ ዋጋ ጌም የሚያጫውት፣ ደህና የሆነ ምረጥልኝ። ሂሳቡን እዚሁ ለእናትህ አስረክባለሁ። ለማህደር እንዳትነግር፣ በአባትህ ነፍስ።

እግዚአብሔር በሄድህበት ይቅደምልህ።

አምሳል

---

ሻርጃ፣ የካቲት 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ አምሳል

ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎንስ ተሻለዎት? እኔ ደህና ነኝ። አበረ ደብዳቤዎን ሲሰጠኝ መጀመሪያ መርዶ መስሎኝ ክፍሌ እስክገባ ሳልከፍተው ይዤው ቆየሁ። ደህና ነገር ሆኖ ሳገኘው ደስ አለኝ። ዝምድናውም አልቀጠነም፤ ከእርስዎ መጋዘን አጠገብ ኳስ ስንጫወት ያባርሩን እንደነበር አልረሳሁም።

የምሠራው ያገለገሉ ዕቃዎች የሚሸጡበት ቤት ነው። እንደ አጋጣሚ ሁለት ላፕቶፖች ገብተዋል። ከአንድ ፋብሪካ የወጡ ናቸው፤ ዓመታቸው አንድ፣ ቀለማቸው ጥቁር፣ ዋጋቸውም እኩል ነው ማለት ይቻላል። ጎን ለጎን ሲቀመጡ እኔም አንዳንዴ ይምታቱብኛል። ልዩነታቸውን በሚገባዎት መንገድ ለመጻፍ ልሞክር።

ጌም ሲጫወቱ ሥዕሉን እየሠራ የሚያወጣ ግራፊክስ ካርድ የሚባል ዕቃ ውስጡ አለ። ጌም ለሚወድ ሰው መጀመሪያ የሚታየው እሱ ነው። የአንደኛው ላፕቶፕ ካርድ ከፍ ያለ ነው፤ አዳዲሶቹን ጌሞች ያለ ችግር ያጫውታል። ብዙ ስለሚሞቅ ትልልቅ ማራገቢያ ተገጥሞለታል፣ በዚህም የተነሳ ይከብዳል። ባትሪው ግን የይስሙላ ነው። ከሶኬት ነቅለው ጌም ቢከፍቱበት ወዲያው ይጠፋል።

የሁለተኛው ካርድ በአንድ ደረጃ ያንሳል። ጌሙን ያጫውታል፤ የሥዕሉን ጥራት ትንሽ ዝቅ ማድረግ ግን ያስፈልጋል። ክብደቱ ቀላል ነው፣ በትከሻ ቦርሳ ይያዛል። መብራት ቢጠፋ ጌም ላይ ሁለት ሰዓት ገደማ ይቆያል፣ ለጽሑፍና ለፊልም ደግሞ ግማሽ ቀን።

ስለዚህ ልጠይቅዎት። የምትጫወተው ምን ዓይነት ጌም ነው? ማታ ማታ መብራት እንዴት ነው? የሚቀመጠውስ የት ነው? መጋዘን ውስጥ ከሆነ አደራ፣ የሩዙ ብናኝ ማራገቢያው ውስጥ ገብቶ ያፍነዋል፤ ለሁለቱም አይሆንም።

ስለ ፓስፖርቱ የጻፉትን አንብቤዋለሁ። በዚያ ላይ አሁን የምለው የለኝም። ብቻ፣ የምትጫወትበት እሷ ናትና ለምን ራሷን አይጠይቋትም?

እናቴን ሰላም በሉልኝ። እግዚአብሔር ጤናዎን ይስጥዎ።

ገበያው

---

ወረታ፣ ሚያዝያ 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለገበያው

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሰህ። ደብዳቤህ የደረሰኝ ዘግይቶ ነው፤ መንገዱ እንደምትሰማው ነው፣ አበረም ባሕር ዳር ላይ ብዙ ተጉላላ። እኔም ለመመለስ ዘገየሁ። የዘገየሁት ግን የጠየቅኸኝን ሳጣራ ነው።

ምን ዓይነት ጌም ነው የምትጫወተው ብለሃል። ልጠይቃት አልችልም፤ ከጠየቅኋት ታውቅብኛለች። ስለዚህ ምን አደረግሁ መሰለህ፣ ራሴ ጌም ቤቱ ሄድኩ። ጆንያ ልገዛ የመጣሁ አስመስዬ ገባሁ። ጌም ቤት ውስጥ ጆንያ ማን ይሸጣል ብለህ ሳቅ፣ ያን ጊዜ ሌላ ሰበብ አልመጣልኝም። ንብረት ደንግጦ ወንበር ሰጠኝ። ልጆቹ ዞር ዞር ብለው አዩኝ። ማህደር ጆሮዋ ላይ ማዳመጫ አድርጋ ጀርባዋን ሰጥታኝ ስለነበር አላየችኝም።

እኔ የጠበቅሁት ተኩስ ነበር። የሷ ግን የጭነት መኪና ነው። ያውም ባለተሳቢ፤ እዚህ መንታ መንገዱ ላይ ቆመው ከሚያድሩት የሚረዝም። ዝናብ ይዘንባል፣ የማላውቀው አገር ነው፣ በቀኝም በግራም ጫካ። እሷ ጭነቷን ይዛ ትሄዳለች። የትራፊክ መብራት ሲያቆማት ትቆማለች፣ ሲያሳልፋት ታልፋለች። ከጎኗ ያለው ጎረምሳ ተሳቢውን ወደ ኋላ አስገብቶ ማቆም አቃተውና እሷን ለመናት፤ ተቀብላው በአንድ ጊዜ ልክክ አድርጋ አቆመችለት። ሁሉም አጨበጨበ። ልጄን እንደዚያ ስትስቅ ካየኋት ቆይቷል። አንጀቴን በላችው። ሳታየኝ ውልቅ ብዬ ወጣሁ።

እቤት ገብቼ ነው የደነገጥኩ። ይቺ ልጅ ጌም ላይ እንኳን የምትጫወተው መሄድ ነው። እዚያች ወንበር ላይ ሆና ከወረታ ወጥታለች።

እንግዲህ ምርጫዬን ልንገርህ፤ ከባዱን ላክልኝ። እኛ ሩዝ ስንገዛ መጀመሪያ ጆንያውን ብድግ አድርገን ነው የምናየው። ከቀለለ ውስጡ ያልሞላ ፍሬና ገለባ ነው። በሬም ቢሆን፣ የፎገራ ሰው አጥንቱ የቀለለ በሬ አይገዛም። ዋጋቸው እኩል ከሆነ ቀላሉን የሚወስድ ሞኝ ነው። የሁለቱንም ኪሎ ጻፍልኝ እንጂ ሌላውን አልጠይቅህም።

ደግሞም ባትሪ የለውም፣ ከሶኬት አይላቀቅም ያልከኝ ነገር ለኔ ጥሩ ነው። ጠረጴዛ አሠርቼ ከግድግዳው ሥር አስቀምጠዋለሁ። ቦርሳ ውስጥ የሚገባውን ነገር ምን አደርግለታለሁ? ቦርሳ ውስጥ የሚገባ ነገር ይዞ መውጫ ነው። መብራት ይጠፋል፤ ሲጠፋ ሁለታችን ቁጭ ብለን እናወራለን።

ቶሎ በል። ሰሞኑን ስልክ ይዛ ወደ ጓሮ መውጣት አብዝታለች።

አምላክ ይጠብቅህ።

አምሳል

---

ሻርጃ፣ ግንቦት 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ አምሳል

ጤና ይስጥልኝ። እንኳን አብሮ አደረሰን።

ከባዱን ላክ ባሉኝ መሠረት ላሽገው አውጥቼው ነበር። ከዚያ መልሼ መደርደሪያው ላይ አስቀመጥኩት። ለምን እንደሆነ ልጻፍልዎት፤ ሲያነቡት ይቆጡኛል፣ ይገባኛልም።

ጓሮ ወጥታ የምታወራው ከኔ ጋር ነው። ማህደር ከመስከረም ጀምሮ በስልክ ትጽፍልኛለች፣ ትደውልልኛለችም። ሥራ ፈልግልኝ፣ ቪዛ የሚልክ ሰው አገናኘኝ ነው የምትለኝ። ለእማዬ እንዳትነግር ብላ አስምላኛለች። የእርስዎ ደብዳቤ ሲመጣ ደግሞ ለማህደር እንዳትነግር ይላል። ሁለታችሁም አንድ ቤት ውስጥ፣ አንድ ጆንያ በሁለት ጫፍ ይዛችሁ እየሰፋችሁ፣ ሚስጥራችሁን ባሕር አሻግራችሁ እኔ ጋ ታስቀምጣላችሁ። ለረጅም ጊዜ የማደርገው ጠፍቶኝ ነው ዝም ያልኩት። ዛሬ ግን የሷን አደራ አፍርሻለሁ። ለሷም ነግሬ ነው ያፈረስኩት፤ ለእናትሽ ልጽፍ ነው ብያታለሁ።

ሥራ አልፈለግኩላትም፤ አትምጪ ብዬም አላልኳትም። እኔ እዚህ ተቀምጬ አትምጪ ብላት ማን ይሰማኛል? የነገርኳት ያየሁትን ነው። ሰው ቤት የሚሠሩ የአገራችንን ልጆች በሳምንት አንድ ቀን ቤተ ክርስቲያን አገኛቸዋለሁ፤ ደህና የገጠማቸው አሉ፣ ከዚያች ቀን በቀር በር ወጥተው የማያውቁም አሉ። የትኛው ዕጣ እንደሚደርሳት አላውቅም፣ እሷም አታውቅም።

ስለ ክብደቱ ያሉትን አንብቤ ብቻዬን ሳቅሁ። ኪሎውን ይኸው ልጻፍልዎት፤ ከባዱ ሁለት ኪሎ ከስምንት መቶ ግራም፣ ቀላሉ አንድ ኪሎ ከሰባት መቶ። ግን እትዬ፣ ትርፉ ክብደት ፍሬ አይደለም። ሙቀት የሚያወጣ መዳብና ማራገቢያ ነው። ለጭነት መኪናው ጌም ደግሞ የቀላሉ ካርድ ይበቃል። ሁለቱም ላይ ጭኜ ሞክሬዋለሁ፤ ቀላሉ ላይ ዝናቡን ትንሽ መቀነስ ነው እንጂ መኪናው እኩል ይሄዳል።

ዋናው እሱ አይደለም። ከባዱ ላፕቶፕ አያስቀራትም። መሄድ ከፈለገች ጠረጴዛው ላይ ትታው ትሄዳለች። ሠርካለም አልጋና ቁም ሳጥኗን ትታ ነው የሄደችው።

እኔ ስወጣ እናቴ ስንቅ ቋጠረችልኝ፣ መንገድህ ይቅና አለችኝ። ሌላ ነገር አላለችም። እኔም ሌላ ነገር ብትለኝ ኖሮ ምን አደርግ እንደነበር አላውቅም። ሰባት ዓመት ሆነኝ፣ እስካሁን አስበዋለሁ። ይህን ለእናቴ አያንብቡላት።

ባለሱቁን ለምኜ ሁለቱንም አስቀምጫለሁ። ማህደርን ይጠይቋትና ይጻፉልኝ። እሷ የመረጠችውን ያንኑ ቀን እልካለሁ።

በእግርዎ ሥር ወድቄ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ገበያው

---

ወረታ፣ ሰኔ 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለገበያው

እንዴት ሰነበትክ? ዝናቡ እዚህ ገብቷል፤ የርብ ወንዝ ሞልቶ ሜዳው ላይ ሳይተኛ የሩዙ ችግኝ ተተክሎ ባለቀ እያልን ነው።

ደብዳቤህን ሳነብ ደሜ ፈላ። ከመስከረም እስከ ግንቦት አውቀህ ዝም ማለትህ! በዚያው ሰሞን ባየች መጋዘን ብትመጣ በልጇ ላይ የመጣልኝን ክፉ ቃል ሁሉ ልነግራት ተዘጋጅቼ ነበር። ደግነቱ አልመጣችም። ማህደርም ጽፈህ እንደምታሳውቀኝ ነግረሃታልና ዓይኔን ትሸሻለች፤ እኔም እሷን እሸሻለሁ። ሚዛኑ ጋ ቆመን ኪሎ ብቻ ነበር የምናወራው።

በመጨረሻ ጉልበቴ ጠናብኝና ወንዛዬ ፍል ውኃ ልታጠብ ሄድኩ። ሰው ያስፈልገኛል ብዬ እሷን ይዤ። ታጥቤ ወጥቼ ድንጋዩ ላይ ተቀምጠን፣ እሷ እግሬን በነጠላ ስታደርቅ ጀመርኩላት። ሁሉንም ነገርኳት። ለአንተ እንደጻፍኩ፣ ሁለት ላፕቶፖች እንደመረጥክልኝ፣ ካርዱን፣ ባትሪውን፣ ሳልሳሳት ነገርኳት። ጌም ቤቱ ጆንያ ልገዛ መግባቴን ስትሰማ ነጠላውን አፏ ላይ ይዛ ሳቀች። ላፕቶፑን በኪሎ መምረጤን ስነግራትማ በሳቅ እንባዋ መጣ። እንዲህ ያሉትን ላፕቶፖች ከኔም ካንተም አብልጣ ታውቃቸዋለች፤ የካርዶቹን ቁጥር ስትጠራልኝ እንደ ውዳሴ ማርያም ነው የወረደችው።

ከዚያ ሳቋን ተወችና ከባዱን ለምን እንደመረጥኩት ጠየቀችኝ።

«እንዳትሄጅብኝ ብዬ ነው» አልኳት።

እግሬን ማድረቁን ተወች።

«እማዬ፣ አትሂጂ ብለሽኝ እኮ አታውቂም» አለችኝ።

ላስታውስ ሞከርኩ። ስለ ሠርካለም ሲወራ፣ ጎበዝ ልጅ፣ ቤተሰቧን አነሳች ብያለሁ። ፓስፖርቱን ስሰማ ዝም ብያለሁ። ፈተናውን ስትወድቅ፣ እግዜር ሌላ ይሰጥሻል ብያለሁ። አትሂጂ ያልኩበትን አንድ ቀን አጣሁ። መነገር የማያስፈልገው ነገር መስሎኝ ነበር፣ ገበያው። ከሆዴ የወጣች ልጅ ሆዴን ታውቀዋለች ብዬ ነው። እሷ ደግሞ ሸክም ሆኜባታለሁ፣ ብሄድ ይቀላታል ብላ ስታስብ ከርማለች።

እዚያው ድንጋዩ ላይ ነገርኳት። አትሂጂ፣ እኔ ያላንቺ አልችልም አልኳት። ሁለታችንም አለቀስን፤ የሚታጠበው ሰው ሁሉ ለሕመማችን መስሎት እግዜር ይማራችሁ እያለ ያልፋል።

እቀራለሁ ብላ አልማለችልኝም። እኔም አላስማልኳትም። ባሕር ዳር መንጃ ፈቃድ መማር እፈልጋለሁ አለች፤ ከዚያ በኋላ ያለውን አብረን እናያለን አለች። ሴት ልጅ ባለተሳቢ ስትነዳ አይቼ አላውቅም፤ ያም ሆኖ እሺ አልኳት። ቪዛ እንዳትፈልግላት ራሷ ትጽፍልሃለች።

የመረጠችው ቀላሉን ነው። ማታ መብራት ስለሚጠፋ፣ ባሕር ዳር ለትምህርቷ ስትመላለስም ይዛው ስለምትሄድ ነው። ቦርሳ ውስጥ ይገባል። ይግባ።

አሁን ስላንተ ልናገር። ለእናትህ እንዳላነብላት ያልከውን አላነበብኩላትም። ግን ቤቷ ሄጄ ጠየቅኋት፤ ልጅሽ ሲደውል ሥራ እንዴት ነው ብለሽ ብቻ የምትዘጊው ለምንድን ነው አልኳት። መጀመሪያ ተቆጣችኝ። ኋላ ግን መቀነቷን እየፈታች እያሰረች፣ «ና ብለው፣ መምጣት ባይችልስ? እዚያ ሆኖ ሲያዝን ይታየኛል» አለችኝ። ሰባት ዓመት ሙሉ በየቀኑ ና እያለችህ ነው፤ አንተ ጋ ያልደረሰው ካፏ ስላልወጣ ብቻ ነው።

ማህደርን አማክሬያታለሁ፣ እጠብቃለሁ ብላለች። ላፕቶፑ ቢዘገይም ግድ የለም፣ እስከዚያ ንብረት ጌም ቤት ትጫወታለች፣ እኔም አብሬያት ሄጄ እቀመጣለሁ።

ስለዚህ ላፕቶፑን ለአበረ እንዳትሰጠው። ራስህ ይዘኸው ና።

አምሳል